ቆቡን የጣለው ሕንጻው ነው

አባቶቻችን፣ እናቶቻችን፣ ጎረቤቶቻችን፣ ከዚሁ ከኮሎምበስ፣ ከኢስተን፣ ከሥራ አስፈቅዳችሁ የመጣችሁ፣ ግሮቭ ሲቲ ሌሊቱን ሠርታችሁ ሳትተኙ በቀጥታ ወደዚህ የነዳችሁ ሁሉ፣ እግዜር ይስጥልን። ዛሬ የምንሸኛቸው አቶ አምሳሉ አለሙን ነው። ቤት ውስጥ አባባ ነው የሚባሉት፣ ስለዚህ እዚህም አባባ ይባላሉ። ይህን የጻፈችውም የምታነብላችሁም የልጅ ልጃቸው ሩሃማ ናት። እንዲህ ያለውን ነገር የሚያነበው ትልቅ ሰው እንደሆነ፣ አማርኛውም የመጽሐፍ አማርኛ መሆን እንዳለበት ታውቃለች፤ እሷ ጋ ያለው ግን የቤት አማርኛ ነውና በእሱ ስሙልን።

አንድ ሰው በስልክ እየሰማ ነው። የአባባ ልጅ ቢሩክ ቪዛ ስላላገኘ አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ የአባቱን ቀብር በስልክ ነው የሚከታተለው። ስልኩን የሩሃማ ወንድም ሊዮን ይዞታል። ሊዮን፣ ወደ ላይ አድርገህ ያዘው። መስመሩ ከተቆረጠ የጎደለውን በኋላ ኮል አድርጋችሁ ንገሩት፤ በዚህ ቤተሰብ ውስጥ በስልክ የጎደለ አንድ ቃል ምን እንዳደረሰ አሁን ትሰማላችሁ።

እዚህ ከፊት፣ ከሣጥኑ አጠገብ ያለውን ባዶ ወንበርም ሁላችሁም አይታችሁታል። የባለቤታቸው የእማማ ፀሐይወርቅ ወንበር ነው። እማማ ያሉት ግን ከኋላ፣ በሩ አጠገብ፣ ውሃ ከሚያድሉት ልጆች ጋር ነው። ከአርብ ጀምሮ ፊት መቀመጥ እምቢ ብለዋል። ሩሃማን በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ቆሞ ማንበብ ያስፈራታል፤ ይሄ ወንበር ባዶውን እንደሆነ አባባ መቀበራቸው ግን ከዚያም በላይ ያስፈራታል።

አባባ በ1951 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ ጉለሌ፣ ከአባታቸው ከአቶ አለሙ ጓንጉልና ከእናታቸው ከወይዘሮ አስካለ ተወለዱ። አባታቸው ግንበኛ ነበሩ። ሙያውን ከጣሊያኖች ጋር እየሠሩ ስለተማሩት፣ ሲሚንቶው፣ ፌሮው፣ ኮርኒሱ፣ ቡሎኑ፣ ካቻቪቴው ሁሉ በጣሊያንኛ ስሙ ነበር የሚጠራው፣ አባባም በእነዚህ ቃላት ጣሊያንኛ የቻሉ እየመሰላቸው አደጉ። እናታቸው ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ የማይጠፉ፣ ልጃቸው ትንሽ ሲያስነጥሱ ጠበል ይዘው የሚሮጡ እናት ነበሩ። አንድ ክረምት አባታቸው የገነቡት የድንጋይ አጥር ዝናብ በዝቶበት ተናደ። ማንም አልተጎዳም፤ አባባ ግን በልባቸው አንድ ነገር ቀረ። ከዚያ ወዲያ የትም ሲገቡ ከሰው በፊት ግድግዳውን ነው የሚያዩት፣ የሚቀመጡትም በር አጠገብ ነው። እዚህ ለቅሶና ሠርግ ላይ በር ዘግተው የሚቀመጡ ሽማግሌ ያስቸገሯችሁ ካላችሁ፣ እሳቸው ናቸው፣ ይቅር በሏቸው።

በትምህርታቸው ጎበዝ ስለነበሩ፣ ጣሊያንኛም ይችላሉ ስለተባለ፣ በ1971 ዓ.ም. ይሠሩበት የነበረው መሥሪያ ቤት አስተርጓሚ ሆነው እንዲመለሱ ሲሲሊ ደሴት ላይ ወዳለችው ወደ ካታኒያ ከተማ ለትምህርት ላካቸው። እዚያ የተቀበላቸው ሰውዬ ጣሊያንኛ ይችሉ እንደሆነ ሲጠይቃቸው አባባ በኩራት "እችላለሁ" ብለው የሚያውቁትን ሁሉ ደረደሩለት፣ ሲሚንቶ፣ ፌሮ፣ ኮርኒስ፣ ቡሎን። ሰውዬው ሰምቶ ሲጨርስ "ልትማር ነው ወይስ ቤት ልትሠራ ነው የመጣኸው?" አላቸው።

አሁን ወደ ሕንጻው እንገባለን፤ ሁሉም ነገር የመጣው ከዚያ ነውና።

ካታኒያ ላይ ቤኔዲክታውያን የሚባሉ የካቶሊክ መነኮሳት ከጥንት ጀምሮ የነበሩበት ትልቅ ገዳም አለ። ከተማይቱ እሳተ ገሞራ ሥር ናት። አንድ ጊዜ ተራራው ፈንድቶ የቀለጠው ድንጋይ እየተንከባለለ ወርዶ ገዳሙን ዙሪያውን ከበበው፣ ግድግዳው ድረስ መጥቶ እዚያው ቀዝቅዞ ጠቆረ። ብዙም ሳይቆይ የመሬት መንቀጥቀጥ መጣና የተረፈውን አፈረሰው፣ መነኮሳቱም አብዛኞቹ ከሥሩ ቀሩ። የተረፉትና ከሌላ የመጡት ጥቁሩን ድንጋይ ጠርገን እንጨርስ ሳይሉ፣ እሱኑ መሠረት አድርገው ከበፊቱ የበለጠ ሠሩ። ኩሽናው የቆመው በላቫው ላይ ነው፣ ከሥሩ ብትወርዱ ድንጋዩ ዛሬም እንደተኮሳተረ ታገኙታላችሁ። ከኩሽናው ወዲያ የመነኮሳቱ መመገቢያ አዳራሽ አለ። በቅስትና በዓምድ የተከበቡ ሁለት ግቢዎች አሉ። ነጭ የእብነ በረድ ደረጃ አለ፣ ስትወጡበት ድምፃችሁ ከእናንተ ቀድሞ ይወጣል። ከደረጃው በላይ ደግሞ ኮሪደር አለ፣ ረጅም ከመሆኑ የተነሳ ከዚያ ጫፍ የሚመጣውን ሰው መጀመሪያ መምጣቱን፣ ቀጥሎ ወንድ ይሁን ሴት፣ በመጨረሻ ማን እንደሆነ ነው የምታውቁት። ግራና ቀኙ የመነኮሳቱ ክፍል ነው።

መነኮሳቱ ከወጡ ቆይተዋል። መንግሥት ገዳሙን ወሰደባቸው፣ ወታደር ሰፈረበት፣ የልጆች ትምህርት ቤት ተከፈተበት፣ በመጨረሻ ለዩኒቨርሲቲው ተሰጠ። አባባ ሲደርሱ ዩኒቨርሲቲው ገና መረከቡ ነበር። ኖራው ይረግፋል፣ አንዳንዱ በር በገመድ ነው የታሰረው። መነኩሴ ይጸልይበት በነበረው ክፍል ውስጥ ተማሪ ስለ ሰዋስው ይከራከራል። አባባ እንዲህ ያለውን ቤት የሚፈሩ ሰው ሆነው ሳሉ ወደዱት። ለሩሃማ ሲነግሯት "ከኔ በላይ የፈራ ቤት ያየሁት እሱን ብቻ ነው፣ ፈርቶ ፈርቶ ቆሟል" ይሉ ነበር። ተማሪዎቹ ዩኒቨርሲቲውን በስሙ አይጠሩትም፤ "ቤኔዴቲኒ እንገናኝ" ነው የሚባባሉት፣ ገዳሙ ጋ እንደማለት።

ትምህርት እንደጀመሩ አባባ ወደ ጉለሌ ስልክ ደወሉ። በሰፈሩ ስልክ የነበረው ጋሽ አብዱልሰመድ ሱቅ ነው። የጋሽ አብዱልሰመድ ልጅ እትዬ ዙልፋ እዚህ አሉ፣ ከእማማ አጠገብ ተቀምጠዋል፣ ከተሳሳትኩ አርሙኝ ብላለች ሩሃማ። ወይዘሮ አስካለ ቅዳሴ ሄደው ስለነበር ስልኩን የያዙት ጋሽ አብዱልሰመድ ናቸው።

"ትምህርቱ እንዴት ነው? ጀመርክ?" አሏቸው።

"ጀመርኩ! ገዳም የነበረ ቤት ውስጥ ነው የገባሁት!" አሉ አባባ።

መስመሩ ይንኮሻኮሻል። የጋሽ አብዱልሰመድ ጆሮ የደረሰው "ገዳም" እና "ነው የገባሁት" ብቻ ነው። "የነበረ" የምትለዋ ቃል ባሕር ውስጥ ቀረች። ጋሽ አብዱልሰመድ ጥንቁቅ ሰው ስለነበሩ ዝም ብለው አልተቀበሉትም፣ "ገዳም ነው የገባኸው?" ብለው ጠየቁ። አባባ ደግሞ የሰሙት "ገባኸው" የሚለውን ብቻ ነው፣ "አዎ! በጣም ደስ ብሎኛል!" ብለው መለሱ። መስመሩም ተቆረጠ።

ጋሽ አብዱልሰመድ ሱቃቸውን ዘግተው ወይዘሮ አስካለ ቤት ሄዱ። እትዬ ዙልፋ እንደሚሉት አባታቸው በሩ ላይ ቆመው ብዙ አሰቡ፣ ከዚያ "እንኳን ደስ ያለዎት ልበል እግዜር ያጽናዎት ልበል እኔ የእናንተን ሥርዓት አላውቅም፣ አምሳሉ ገዳም ገብቷል" አሉ።

"የማን ገዳም?" አሉ እናትየው።

"ያለው ጣሊያን አገር አይደል፣ የጣሊያኖቹ ነዋ።"

"ኮተለከብኝ! ካቶሊክ ሆነብኝ!" ብለው እናትየው መሬት ላይ ተቀመጡ።

በኛ ሥርዓት ሰው ሲመነኩስ በቁሙ ፍትሐት እንደሚጸለይለት፣ ለዓለም እንደሞተ እንደሚቆጠር ሩሃማ የሰማችው በቅርቡ ነው፤ ወይዘሮ አስካለ ግን ያውቁታል። ስለዚህ ጥቁር ለበሱ። ልጃቸው ሁለት ጊዜ ነው የሞቱባቸው፣ አንዴ ለዓለም፣ አንዴ ለሃይማኖታቸው። አባባ ነገሩን በሌላ ተማሪ በኩል ሲሰሙ ደነገጡና ቶሎ ብለው ፎቶ ተነስተው ላኩ፣ ተማሪ መሆናቸው ይታይ ብለው። የባሰው እሱ ሆነ። ብርድ ስለነበር የሰው ረጅም ጥቁር ካፖርት ለብሰዋል፣ የተነሱትም በዓምዶቹ መሃል ነው። እናትየው ፎቶውን አገላብጠው አይተው "ቆቡስ?" ሲሉ፣ አንዷ ጎረቤት "ለፎቶው አውልቆት ነው" አለቻቸው። አባባ እንደገና ሲደውሉ ወይዘሮ አስካለ ወደ ሱቁ መሄድ እምቢ አሉ። "ለዓለም የሞተ ሰው ስልክ አይደውልም" አሉ።

በሰፈሩ ይሄን ነገር ያላመነ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ጎረቤታቸው ወጣቷ መምህርት ፀሐይወርቅ። "አምሳሉ? ፍልሰታን እንኳ ጨርሶ ጾሞ የማያውቀው አምሳሉ? እሱ ነው የሚመነኩሰው?" ብለው ሳቁ። ሰው ግን "ምስኪን፣ ልቧ መነኩሴ ላይ ቀርቶ ነው" አላቸው። እናትየው ያልያዙትን ስልክ እማማ ሄደው ያዙ። አባባም እንዲያምኗቸው ብለው ሕንጻውን ከበሩ ጀምሮ ይነግሯቸው ጀመር፣ እማማም "እኔ አምኛለሁ፣ ግን ቀጥል" ይሏቸው ነበር። በየጥቂት ወሩ እየደወሉ አንድ ቀን ደረጃው፣ አንድ ቀን ግቢው፣ አንድ ቀን ኩሽናው ተነገረ። እማማ ካታኒያን ረግጠው አያውቁም፤ አባባ ግን እርጅና መጥቶባቸው መመገቢያውን ከኩሽናው ሲያስቀድሙ "ኩሽናው ነው የሚቀድመው፣ ከዚያ ነው መመገቢያው" ብለው የሚያርሟቸው እማማ ነበሩ። ሌላ ሰው ለትዳር ሲመጣ እማማ "ገዳም ያለ ሰው አለኝ" ይሉ ነበር፣ እየቀለዱ። በቀልዱ ግን ከእሳቸው በቀር ማንም አልሳቀም።

ወይዘሮ አስካለ በ1976 ዓ.ም. ልጃቸውን ሳያዩ፣ ያችን "የነበረ" የምትል ቃል ሳይሰሙ አረፉ። አባባ ይሄን ሲያወሩ ሁልጊዜ ድምፃቸው ይቀንስ ነበር። ከዚያ በኋላ ለማንም፣ ስለ ምንም፣ አንድ ነገር ከነገሩ "ምን አልኩ? ድገምልኝ" ሳይሉ አይለቁም። እዚህም ኢስተን አጠገብ ሻትል፣ የሆቴል እንግዳ ማመላለሻ መኪና፣ ሲነዱ፣ እንግዳው የትኛው አየር መንገድ እንደሆነ መጀመሪያ ካልደገመላቸው ከኤርፖርት በር አያወርዱትም ነበር። አንዷ ሴት ተናዳ ለሆቴሉ ኮምፕሌን አድርጋ ነበር፤ በሚቀጥለው ጊዜ ስትመጣ ግን ከመሳፈሯ በፊት ራሷ ደገመች። ቤት ውስጥ እንቁላል ግዢ ሲባል ሩሃማ "እንቁላል" ትላለች፣ ሊዮን "ኤግስ፣ አባባ፣ አይ ጎት ኢት" ይላል፣ እሳቸውም "በአማርኛ ድገመው፣ እንግሊዝኛው ይሰበራል" ይሉታል።

በ1978 ዓ.ም. ትምህርታቸውን ጨርሰው አገራቸው ገቡ። ጉለሌ ሲደርሱ አንዲት አሮጊት እጃቸውን ለመሳለም ጎንበስ ቢሉ አባባ ወደ ኋላ ሮጡ። እማማን ሊያገቡ ሲሉም የእማማ የንስሐ አባት ጠርተዋቸው "ልጄ፣ እውነቱን ንገረኝ፣ ቆብ ደፍተህ ነበር?" አሏቸው።

አባባም "አባቴ፣ ቆቡን የጣለው ሕንጻው ነው እንጂ እኔ አይደለሁም" ብለው፣ ስለ ገዳሙ፣ ስለ ወታደሩ፣ ስለ ተማሪው አንድ በአንድ አስረዷቸው። ካህኑ እስኪያስላቸው ሳቁ። ከሳቁ በኋላ ግን እንደገና ጠየቁ፣ በቅዱሱ ወንጌል አስምለው ጠየቁ፣ ከዚያ ነው በሥርዓተ ተክሊል የዳሯቸው። መነኩሴ የነበረ ሰው ተክሊል እንደማይደፋ እዚህ ያላችሁ አባቶች ከሩሃማ በላይ ታውቃላችሁ።

አባባ ከኢጣሊያ መሐንዲሶች ጋር በአስተርጓሚነት ብዙ ዓመት ሠሩ፣ ሃኒንና ቢሩክን ወለዱ፣ አሳደጉ። ሃኒ ዲቪ ደርሷት ወደዚህ መጣች፣ ዜግነት ስታገኝ ደግሞ በ2006 ዓ.ም. አባትና እናቷን አስመጣች። መጀመሪያ የኖሩት ዋይንላንድ ፓርክ የሚባለው ሰፈር ነበር። አባባ እግራቸውን ለማፍታታት ወደ ዩኒቨርሲቲው ግቢ እየሄዱ ሕንጻዎቹን ይነካኩ ነበር፣ ሲመለሱም እማማ "እንዴት ነው?" ሲሏቸው "ጥሩ ነው፣ ግን ከመጀመሪያውም ትምህርት ቤት ነው፣ ሌላ ነገር ሆኖ አያውቅም" ይሉ ነበር። የአፓርታማቸውን ግድግዳ በጣታቸው አንኳኩተው "ካርቶን ነው" ብለው አፈሩበት። ረቡዕ ረቡዕ ቀትር ላይ ከተማው የአውሎ ነፋስ ማስጠንቀቂያ ሳይረኑን ሲሞክር፣ ሙከራ መሆኑን እያወቁ፣ ባሉበት ይቆማሉ፣ መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ ያደርጋሉ፣ እስኪያልቅ አይናገሩም። ልጆቹ እየሳቁ አጠገባቸው እየቆሙ አብረዋቸው ግድግዳ ይይዙ ነበር።

እትዬ ዙልፋን ያገኟቸው እዚህ ኮሎምበስ ነው። እትዬ ዙልፋ አባባን የሐበሻ ሱቅ ውስጥ ባዩ ቁጥር "አባ አምሳሉ፣ ይፍቱኝ!" ይሏቸዋል፣ እሳቸውም "በአባትሽ ስልክ የታሰረ በምን ይፈታል!" ይላሉ፣ ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ይስቃሉ። ስሙ ከዚያ ወጣ። ሱቁ ውስጥ የሰማ ሁሉ አባ አምሳሉ አለ። መጀመሪያውን የሚያውቁት ይስቃሉ፤ በኋላ የመጡት ግን የሰሙት "አባ" የሚለውን ብቻ ነው።

ባለፈው ዓመት ደግሞ ሩሃማ ለታሪክ ክላስ ስለ አንድ ሕንጻ ፕረዘንት እንድታደርግ ታዘዘች። ሩሃማ ክላስ ውስጥ እጇን የማታወጣ ልጅ ነበረች። አባባ ይሄን ሲሰሙ "ግቢ፣ ቤት አለኝ" አሏት። እናቷ ሃኒ ከምትሠራበት መጋዘን ካርቶን አመጣች፣ አባባ እየነገሩ፣ ሩሃማ እየቆረጠች፣ እማማ "ያ ቅስት ጠቧል" እያሉ፣ ገዳሙ ሳሎን ውስጥ ቆመ። ላቫው በጥቁር ላስቲክ ተሠራ። አባባም የምትናገረውን በወረቀት እንድታነብ አልፈቀዱላትም። "እያንዳንዱን ነገር አንድ ክፍል ውስጥ አስቀምጪው። በሩ ላይ ሰላም በያቸው። ደረጃው ላይ አትቸኩዪ። ኮሪደሩ ላይ ፍርሃት ይመጣል፣ ረጅም ነዋ፤ ቃል ከጠፋሽ አትሩጪ፣ በሩን ክፈችና የሚቀጥለው ክፍል ግቢ" አሏት። ሩሃማ ፕረዘንት ያደረገች ቀን ኮሪደሩ ላይ ቃል ጠፋት፣ በሩንም ከፈተች። ከዚያ ወዲህ በክላስ እጇን ታወጣለች፣ አስተማሪዋ አንዳንዴ "ለሌሎችም ተዪላቸው" እስክትላት ድረስ። አሁንም እዚህ ቆማ ያለችው ኮሪደሩ ላይ ነው።

የአባባ ልብ መድከም የጀመረው ከበልግ ጀምሮ ነው። መኝታ ቤት ለመድረስ ግድግዳ ይዘው ይሄዱ ነበር፣ "ካርቶንም ለካ ይይዛል" ይሉ ነበር። ሐኪም ቤት ተኝተው ወጡ፣ እንደገና ገቡ፣ ከዚያ ቤቴ ይሻለኛል አሉ። ሞትን ከፈሩት በላይ የፈሩት ሌላ ነገር ነው። አንድ ቀን ሩሃማን አጠገባቸው አስቀምጠው "እኔ የሞትኩ ቀን አባ የሚለኝ ሰው ይኖራል። የኔን ተዪው፣ እኔ አልሰማም። እማማ ግን ትሰማለች። እናቴ በአንድ ቃል ሄደችብኝ፣ እሷን ደግሞ በሰው ፊት እንዳያሳፍሯት። 'የነበረ' የምትለዋን እንዳትረሺ። ምን አልኩ? ድገሚልኝ" አሏት። ሩሃማ ደገመችላቸው። አንድ ጊዜ አልበቃቸውም፣ እንደገና አስደገሟት።

ባለፈው ረቡዕ አባባ ሶፋው ላይ ጋደም ብለው እማማ አጠገባቸው ነበሩ። ቀትር ላይ ሳይረኑ ተነፋ። የአባባ እጅ ወደ ግድግዳው አልሄደም። እማማ ያወቁት በዚያ ነው።

አርብ ዕለት ለቅሶ ቤት ውስጥ አንድ ትልቅ ሰው፣ ለብቻቸው የሚያወሩ መስሏቸው ይሁን አይታወቅም፣ "መነኩሴ ቆቡን ጥሎ ያገባት ሴት እኮ በሥርዓቱ ሚስት አትባልም" አሉ። ሰውዬው ክፉ ሰው አይደሉም። ወደ ኮሎምበስ ከመጡ ገና ነው፣ ያው አባ አምሳሉ ሲባል ሰምተው ነው፣ ከቀልዱ የደረሳቸው ጭራው ነው። ግን ቤቱ ሁሉ ሰማ። እማማ ከፍራሹ ላይ ቀስ ብለው ተነሱ፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ኩሽና ገቡ። እትዬ ዙልፋ "ኧረ ምን ያለው ነገር ነው! ስልኩ እኮ የአባቴ ነው፣ ያመነኮስናቸው እኛ ነን!" ብለው ጮኹ፣ ግማሹ ሰው ሳቀ፣ ግማሹ እርስ በርሱ ተያየ። የተያየው ግማሽ ነው ሩሃማን ያስፈራት።

ሩሃማ ኩሽና ስትገባ እማማ የታጠበ ብርጭቆ እንደገና ያጥባሉ። "እማማ፣ ኑ፣ ቦታዎ እዚያ ነው" አለቻቸው።

"እኔ እዚህ ይሻለኛል፣ ልጄ። በሬሳ ፊት ጭቅጭቅ አልፈልግም። እሱ ጭቅጭቅ ይፈራ ነበር።"

"ውሸት ነው እኮ!"

"ውሸት መሆኑን ከማንም በፊት ያወቅኩት እኔ ነኝ። ብቻዬን ማወቅ ለምጃለሁ።"

ይሄን ከሰማች ጀምሮ ሩሃማ እንቅልፍ የላትም። ስለዚህ ቀሲስ አንድርያስ ጋ ሄዳ ጠየቀች። ቀሲስም "ስለ ፍትሐቱ አትፍሪ፣ እሳቸውን አውቃቸዋለሁ፣ ምንም ጥያቄ የለበትም። ወንበሩን ግን እኔ ባዝ በትእዛዝ ነው የሚሆነው። ሕዝብ ፊት የተበላሸ ነገር ሕዝብ ፊት ነው የሚቃናው። አንቺ አንብቢ፣ ጸሎቱ ይጠብቅሻል" አሏት።

ስለዚህ እነሆ። አባባ አምሳሉ አለሙ መነኩሴ አልነበሩም። አልኮተለኩም። ቆብ አልደፉም፣ ስለዚህ ቆብ አልጣሉም። ገዳም የነበረ ዩኒቨርሲቲ ገቡ፣ ተማሩ፣ ተመለሱ፣ በተክሊል አገቡ፣ እስከ ረቡዕ ቀትር ድረስ በዚያው ትዳር ኖሩ። መነኮሳቱን ያስወጣው፣ ወታደር ያስገባው፣ አሁን ደግሞ ተማሪ የሚያስተምረው ሕንጻው ነው። እሱም ቢሆን ስሙን ለውጦ ግድግዳውን አልካደም።

አባባ ጥለዋቸው የሄዱት ሴት ልጃቸውን ሃኒን፣ አማቻቸውን ቶሚን፣ በስልክ የሚሰማውን ልጃቸውን ቢሩክን፣ የልጅ ልጆቻቸውን ሊዮንንና ሩሃማን ነው። ከእነዚህ ሁሉ በፊት መጠራት የነበረባቸው አሁን ነው የሚጠሩት፣ ስማቸው ሲጠራ ሁሉም ሰው ዞሮ እንዲያያቸው ነው እስከ መጨረሻው የቆየው። ሌላው ሁሉ ሲያምን ያላመኑት፣ ሌላው ያልያዘውን ስልክ የያዙት፣ ያላዩትን ቤት ከነክፍሉ የሚያውቁት፣ የአባባ የተክሊል ሚስት፣ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ።

እትዬ ዙልፋ፣ እባክዎን እማማን ይደግፉልን። መሃሉን መንገድ ልቀቁላቸው። ረጅም ነው፣ እማማ፣ ግን አይቸኩሉ፣ እኛ እንጠብቃለን። መጀመሪያ መምጣትዎን፣ ቀጥሎ ማን እንደሆኑ እናያለን።

እግዚአብሔር የአባባን ነፍስ ግድግዳው በማይናድበት፣ የተነገረ ቃል በመንገድ በማይጎድልበት ቤት ያሳርፍልን፤ በእናታቸው በወይዘሮ አስካለ አጠገብ ያስቀምጥልን፤ እሳቸውም ያችን የቀረችውን ቃል ዛሬ ከልጃቸው አፍ ይስሙ። ለእማማ ብርታቱን ይስጥልን። አሜን።

እማማ ተቀምጠዋል። ሊዮን፣ ስልኩን ወደ ሕዝቡ አዙረው። ቢሩክ፣ መስመሩ ቢቆራረጥም ይሄን ያህል ሰው አንድ ላይ ሲለው ይደርስሃል።

የአቶ አምሳሉ አለሙ ባለቤት ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ናቸው። ምን አልኩ? ድገሙልኝ።